«ጁማንጂ» (የ1995 ፊልም)፦ የሐያስያን አቀባበል

«ጁማንጂ» እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1995 በአሜሪካ ለእይታ የበቃ፣ ጆ ጆንስተን ያዘጋጀው የቤተሰብ ጀብዱ ፊልም ነው። መነሻው ደራሲና ሠዓሊ ክሪስ ቫን ኦልስበርግ በ1981 ያሳተመውና በማግስቱ ዓመት የካልዴኮት ሜዳልያ የተሸለመው የሥዕል መጽሐፍ ነው። ፊልሙ ሐያስያንን ለሁለት ከፍሏል። ተመልካቹ ግን ወደ ሲኒማ ቤቱ ጎረፈ፤ 65 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ሥራ በዓለም ዙሪያ ከ260 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

የመጽሐፉ ኃይል ዝምታው ነው። ጁዲና ፒተር የተባሉ ልጆች ወላጆቻቸው ወጣ ባሉበት ከሰዓት በኋላ መናፈሻ ውስጥ ያገኙትን ጨዋታ ሲጀምሩ አንበሳ ፒያኖ ላይ ተጋድሞ ይታያል፤ ጦጣዎች ማድ ቤቱን ያተራምሳሉ። ይህ ሁሉ በጥቁርና ነጭ፣ ፎቶግራፍ በሚመስል ረጋ ያለ ሥዕል የቀረበ ነው። ፊልሙ ይህን ጥቂት ገጽ ታሪክ ለማስረዘም አለን ፓሪሽ የተባለ አዲስ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ። አለን በ1969 ጨዋታው ውስጥ ይሰወራል፤ ከ26 ዓመት በኋላ ሲመለስ ወላጆቹ ሞተው፣ የአባቱ ጫማ ፋብሪካ ተዘግቶ ያገኛል። ገጸ ባሕርዩን አዋቂ ሆኖ የተጫወተው ሮቢን ዊሊያምስ ነው።

ከተቃዋሚዎቹ መካከል ስሙ የገነነው የ«ቺካጎ ሰን ታይምስ» ሐያሲ ሮጀር ኢበርት፣ ከአራት ኮከብ አንድ ተኩል ብቻ ሰጠው። ፊልሙ ለትንንሽ ልጆች እጅግ አስፈሪ ነው፤ አንዱ አደጋ ሌላውን እየተከተለ ከመምጣቱ በቀር በቂ ታሪክ የለውም የሚል ነበር ክሱ። ሌሎችም ልዩ ኢፌክቱ ገጸ ባሕርያቱን ውጧቸዋል ሲሉ ወቀሱ።

ስለ ኢፌክቱ ሲነገር ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። የልዩ ኢፌክት ኩባንያው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ከሁለት ዓመት በፊት ለ«ጁራሲክ ፓርክ» በኮምፒውተር የሠራቸው ዳይኖሰሮች ፀጉር አልነበራቸውም። በ«ጁማንጂ» ግን የአንበሳውን ጋማና የጦጣዎቹን ፀጉር በኮምፒውተር ማብቀል ግድ ሆነ፤ ይህም በወቅቱ ገና ያልተለመደ ሥራ ነበር። ጎን ለጎንም በሞተር የሚንቀሳቀሱ እንስሳት በእጅ ተሠርተዋል። የዝሆን፣ የአውራሪስና የሜዳ አህያው መንጋ የቤቱን ግድግዳ ንዶ የሚያልፍበት ትዕይንት ዛሬም ትንፋሽ ያስቆርጣል። ጦጣዎቹ ግን እውነተኛ አይመስሉም፤ እዚህ ላይ ወቀሳው ተገቢ ነው። ፊልሙ ለልዩ ኢፌክት የኦስካር ዕጩ እንኳ አልሆነም፤ በዚያ ዓመት ሽልማቱን የወሰደው ሌላው የቤተሰብ ፊልም «ቤብ» ነበር።

ሐያስያኑ ያላዩት የአለንን ሐዘን ነው። ጆናታን ሃይድ የአለንን ጥብቅ አባትና አለንን የሚያሳድደውን አዳኝ ቫን ፔልትን አንድ ላይ ይጫወታል፤ ልጁ ከአዳኙ መሸሽ ያቆመበት ጊዜ ከአባቱ ፍርሃትም የወጣበት ነው። ይህ በኮምፒውተር አልተሠራም፤ ፊልሙን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሰው እንዲያየው ያደረገውም በአመዛኙ ይኸው ነው። ዊሊያምስ በ2014 ሲያርፍ፣ ቀረጻው በተካሄደባት የኒው ሃምፕሸር ከተማ ኪን፣ ለፊልሙ ግድግዳ ላይ በተሳለው የፓሪሽ ጫማ ማስታወቂያ ሥር አድናቂዎች አበባ አኑረዋል።

በ2017 የወጣው ተከታይ ፊልም ጨዋታውን ወደ ቪዲዮ ጌም ለውጦ ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ አብዛኞቹ ሐያስያንም በመልካም ተቀበሉት። የጆን ፋቭሮ «ዛቱራ» ዕጣው የተለየ ነበር። በ2005 የወጣው ይህ ፊልም የተወሰደው ከዚያው ደራሲ መጽሐፍ ሲሆን፣ አዘጋጁ ከኮምፒውተር ምስል ይልቅ እውነተኛ ግንባታና ሞዴል መርጧል። ሐያስያኑ ወደዱት፤ ኢበርትም ሦስት ኮከብ ሰጠው። ገቢው ግን የማምረቻውን ወጪ ያህል ከ65 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አላለፈም።