ባይንደር (የጠርዝ ማልበሻ)

ባይንደር የወፍራም ጨርቅን ጠርዝ በጥብጣብ አልብሶ በአንድ ጉዞ ለመስፋት በስፌት መኪና ላይ የሚገጠም መሣሪያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከስስ ላሜራ ነው። ጥብጣቡ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ይገባል፤ በላሜራው ጥቅልል ውስጥ እየታጠፈ ይሄድና የጨርቁን አፍ ከላይና ከታች ይጎርሰዋል፤ መርፌው ሥር ሲደርስ ታጥፎ ያለቀለት ነው። ብርድ ልብስ፣ ፍራሽ፣ ምንጣፍ፣ የድንኳን ሸራ፣ የጀርባ ቦርሳና የኮርቻ ልብስ በዚህ መንገድ ይጠረዛሉ።

ስያሜ

አማርኛ ለጠርዝ ሥራ ቃል አላጣም፤ ያጣው ለመሣሪያው ነው። የጨርቁን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ መስፋት መቀምቀም ይባላል። የተቆረጠው አፍ እንዳይተረተር ዙሪያውን በክር መያዝ መዘምዘም ነው። ሌላ ጨርቅ አልብሶ መስፋት ደግሞ ወደ መጠረዝ ይጠጋል። በአፍ ሲነገር ሦስቱ መቀላቀላቸው አይቀርም። መጠረዝ ዛሬ ይበልጥ የሚታወቀው በመጽሐፍ ነው፤ ጥራዝ፣ ጠርዝ፣ ከዚያም አልፎ ላይ ላዩን አንብቦ ለሚመጻደቅ ሰው የተሰጠው ጥራዝ ነጠቅ የሚለው ስም ከዚሁ ወጥተዋል።

ጠረዘን ከዐረብኛው ጢራዝ ጋር ማዛመድ ያጓጓል። ጢራዝ በመካከለኛው ዘመን በእስልምና ግዛቶች በክብር ልብስ ላይ ይጠለፍ ወይም ይሸመን የነበረ ባለ ጽሑፍ ጥለት ነው፤ ልብሱ የሚሠራበት የቤተ መንግሥት የሥራ ቤትም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር፤ ቃሉ ወደ ዐረብኛ የገባው ከፋርስ ነው። ይሁን እንጂ የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ዝምድና አይሆንም። የአማርኛው ቃል ክብደቱ ያረፈው መስፋትና ማያያዝ ላይ ነው፤ የዐረብኛው ግን ማስጌጥ ላይ። ስለዚህ ዝምድናውን እንደ ግምት መያዙ ይሻላል።

መኪና የሚለው ቃልም እንዲሁ ያከራክራል። ዛሬ መኪና ሲባል ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ቀድሞ ይታሰባል፤ የስፌት መኪናና የጽሕፈት መኪና ግን ቃሉ ማንኛውንም የሚሠራ ብረት ይጠራበት የነበረውን ሰፊ ትርጉም እንደያዙ ቀርተዋል። አንዳንዱ በቀጥታ ከጣልያንኛ ነው ይላል፤ ሌላው በቀይ ባሕር ንግድ ከዐረብኛ ነው ይላል። ዐረብኛው ራሱ ከጣልያንኛ የወሰደው በመሆኑ የሚለያዩት በመንገዱ እንጂ በምንጩ አይደለም። የሰፊው ትርጉም ጥሩ ምስክር ሐረር ጀጎል ውስጥ አለ። መኪና ግርግር የሚባለው ጠባብ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስሙን ያገኘው በግራና ቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ስሙን ሰምቶ የመኪና መጨናነቅ የሚያስብ እንግዳ ሲደርስ የሚያገኘው ሁለት ሰው ጎን ለጎን በግድ የሚያልፍበትን መተላለፊያ ነው።

በብዙ ቦታ ደግሞ የፋብሪካው ስም የዕቃው ስም ሆኗል፤ ቻይና ሠራሹም ቢሆን ሲንጀር ይባላል። ባይንደር ከእንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን በልብስ ፋብሪካ ፎልደር የሚለውም ይሠራበታል። በዚህ መጣጥፍ ጠርዝ ማልበሻ የሚለው አቻ ሆኖ ገብቷል።

ታሪክ

የስፌት መኪና ታሪክ በሰፊው የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ባርተሌሚ ቲሞኒዬ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብት አገኘ፤ በዓመቱ ለሥራቸው የሰጉ የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች መኪናዎቹን ሰባበሩበት። አሜሪካዊው ኤልያስ ሀው በ1846፣ አይዛክ ሲንገር በ1851 መብታቸውን አስመዘገቡ። የነማን ፈጠራ ነው የሚለው ክርክር በፍርድ ቤት ከተጓተተ በኋላ በ1856 ዋናዎቹ አምራቾች መብታቸውን በጋራ ለመጠቀም ተስማሙ።

ጠርዝ ማልበሻው ወደየቤቱ የገባው ከመኪናው ጋር በሚሰጡ ተቀጥላዎች ነው። በጣም የታወቀው የሲንገር ኩባንያ ተዘርግቶ የሚታጠፍ የእንጨት ሳጥን ሲሆን መብቱ የተመዘገበው በ1889 ነው። ሳጥኑ ተከፍቶ ሲዘረጋ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ክፍል መቀምቀሚያ፣ መሸብሸቢያ፣ ማጠፊያና ጠርዝ ማልበሻ በየቦታቸው ተሰክተው ይታያሉ። በዚያ ሳጥን የነበረው ማልበሻ እንደ ቀንድ የተጠቀለለ ትንሽ እግር ነበር፤ ለቀሚስና ለሽርጥ ይበቃል፣ ለብርድ ልብስ ግን አፉ ጠባብ ነው።

የብርድ ልብስን ጠርዝ ያለ ጥብጣብ የሚዘጋው ሌላው መንገድ በክር መዘምዘም ነው፤ እዚህ ላይ የሜሮው ቤተሰብ ታሪክ መነሳቱ ተገቢ ነው። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1838 የተቋቋመው ድርጅታቸው መጀመሪያ ባሩድ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው በፍንዳታ ወደመ፤ ቤተሰቡም በቦታው የሹራብ ሥራ ጀመረ። የሹራቡ ጠርዝ እጅ ስለፈጀባቸው ጠርዙን እንደ ኪሮሽ የሚሸፍን መኪና ሠሩ፤ የመጀመሪያው መብት የተመዘገበው በ1877 ነው። በፋብሪካ ብርድ ልብስ ዳር ላይ የሚታየው የክር ሰንሰለት የዚያ መኪና ዘር ነው። ያ ባሩድ ባይፈነዳ ኖሮ የብርድ ልብሱ ዳር ምን ይመስል እንደነበር መገመት ይከብዳል።

ዓይነቶች

ለወፍራም ጨርቅ የሚውሉት ማልበሻዎች በሦስት ይከፈላሉ ቢባል ከእውነት አይርቅም። አንደኛው የመኪናውን እግር ተክቶ የሚገባው ነው። ሁለተኛውና በብዛት የሚሠራበት በመኪናው ጠረጴዛ ላይ በብሎን የሚታሰረው፣ ጥብጣቡን ከጎን በቀጥተኛ ማዕዘን የሚያስገባው ነው። ጥብጣቡ ከጎን መጥቶ መርፌው አፍ ላይ ስለሚታጠፍ የጎበጠ ጠርዝ ላይ እንኳ ጥሩ ይዞራል።

ሦስተኛው ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚራመደው ሲሆን የሚገጠመው እንደ ክንድ የወጣ ጠባብ አልጋ ባላቸው የፋብሪካ መኪናዎች ላይ ነው። የጀርመኑ ፋፍ 335 እና የጃፓኑ ጁኪ ዲኤስሲ-246 ለዚህ የታወቁ ናቸው። በተራ መኪና ጨርቁን የሚጎትተው ከታች ያለው ጥርስ ብቻ ነው፤ በእነዚህ ግን ጥርሱ፣ መርፌውና እግሩ አንድ ላይ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ማልበሻውም አብሯቸው ይወዛወዛል። የላይኛው ንብርብር ከታችኛው ወደ ኋላ ስለማይቀር ቦርሳና የመኪና ወንበር ልብስ በዚህ ይሠራል።

በየሱቁ በረንዳ የሚታየው በእግር የሚመታ መኪና፣ ሲንገር 15 የሚባለው ወይም የእሱ ግልባጭ የሆነው የሻንጋዩ በተርፍላይ፣ ከተራ መኪናዎቹ ጎራ ነው፤ ጥርሱ ከታች ብቻ ይጎትታል። ጠርዝ ማልበሻ አይቀበልም ማለት ግን አይደለም። ቺንጋው ካልላላና የእግሩ ግፊት ከተስተካከለ በላሜራ የተሠራ ቀጥተኛ ማዕዘን ማልበሻ በሁለት ብሎን ታስሮ መካከለኛ ውፍረት ያለውን ጨርቅ ይጠርዛል።

የጥብጣብ ልክ

ማልበሻ የሚመረጠው በጥብጣቡ ስፋት ነው፤ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ዳሩ ተሸምኖ የተዘጋ ጥብጣብ ጫፉ ሳይታጠፍ በሁለት ይከፈላል፤ 22 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ሲሰፋ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይታያል፤ የጎደለው ጠርዙን ሲዞር በውፍረቱ የተበላው ነው። ከጨርቅ የተቆረጠ ጥብጣብ ግን ሁለቱም ጫፎቹ ወደ ውስጥ ስለሚታጠፉ አራት እጥፍ ይፈልጋል፤ 10 ሚሊ ሜትር እንዲታይ ከ40 ሚሊ ሜትር በላይ መቁረጥ ያሻል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ከሆነ በክሩ አቅጣጫ ቢቆረጥ ችግር የለም። ክብ ጠርዝ ላይ ከሆነ በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ በውስጥ በኩል ይሸበሸባል።

በወፍራም ሱፍ ላይ

ሱፍ ሲጫኑት የሚሟሽሽ፣ ሲለቁት የሚነፋ ጨርቅ ነው፤ ጠርዝ ማልበሻን የሚፈትነውም ይህ ጠባዩ ነው። የማልበሻው አፍ ክፍተት በላሜራው የተወሰነ ነው፤ ብርድ ልብሱ ከክፍተቱ በላይ ከወፈረ ይወተፋል፣ ካነሰ ደግሞ ጠርዙ ወደ ውስጥ ሳይደርስ ይቀርና ጥብጣቡ ባዶውን ይሰፋል። ባዶ የተሰፋው ቦታ ሲታይ ሙሉ ይመስላል፤ የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ ተተርትሮ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰፊ አስቀድሞ ጠርዙን ይዘመዝመዋል። ክሩ ሱፉን ጨምቆ ስለሚያስረው ወደ ማልበሻው የሚገባው ውፍረት አንድ ዓይነት ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር መወዛወዝ ነው። እግሩ ከልክ በላይ ከተጫነ ሱፉ እየተለጠጠ ይሰፋል፤ ሥራው ሲያልቅ የብርድ ልብሱ ዳር እንደ ጎመን ቅጠል ተሸብሽቦ ይቀራል። መድኃኒቱ ሦስት ነው፦ ግፊቱን ማላላት፣ ስፌቱን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ማርዘም፣ ጥብጣቡን በጣት ጥቂት መያዝ። ጥብጣቡ የጥጥ ከሆነ ቀድሞ መታጠብ አለበት። አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ጥብጣቡ ያጥርና ብርድ ልብሱን ይሰበስበዋል። በሰው ሠራሽ ጥብጣብ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ሱፉ በሙቅ ውኃ ሲጠብቅ ጥብጣቡ እንዳለ ይቀራል፣ ዳሩም ይንጠለጠላል።

ማዕዘን ላይ ማልበሻው ብቻውን አይዘልቅም። ሰፊው እስከ ጫፉ ይሰፋና መርፌውን ያነሳል፤ ጨርቁን አውጥቶ ያዞራል፤ ጥብጣቡን በመርፌ ጫፍ ወይም በካቻቢቴ ሰያፍ አጥፎ ይከተዋል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። ይህን ለመሸሽ ብዙዎች ማዕዘኑን ክብ ያደርጉታል፤ ሳህን ይደፋና ዙሪያው በጠመኔ ይሰመራል፣ በመቀስ ይቆረጣል፤ ማልበሻውም ሳይቆም አራቱንም ጎን ይዞራል።

በሰሜን ሸዋ

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ወጪ ወራጁ ጋቢውን ደርቦ፣ የመስኮት መስተዋት ዘግቶ የሚያልፈው ቦታ ነው። ብርድ ባለበት የሱፍ ሥራ አለ። የመንዝ በግ ሱፉ ሸካራ ነው፤ ከእሱ የሚሠሩት ባና፣ ዝተትና በርኖስ የአካባቢው መታወቂያ ናቸው። የደብረ ብርሃን የበግ እርባታ ማዕከልም የመንዝን በግ ከአዋሲ ዝርያ ጋር ሲያዳቅል ቆይቷል።

ባና በጠባብ የእጅ መሸመኛ ስለሚሠራ ሁለቱ ጎኖቹ በራሳቸው የተዘጉ ናቸው። የሚፈታው ተቆርጦ የወረደው ጫፍ ነው፤ እሱም በዘርፍ ተገምዶ ወይም በእጅ ተዘምዝሞ ይያዛል። በእጅ የተፈተለ ክር አንዱ ቦታ ወፍራም፣ አንዱ ቦታ ስስ ነው፤ ቋጠሮም አያጣውም። ጠርዝ ማልበሻ እንዲህ ያለውን ጨርቅ አይወድም። ቋጠሮው አፉ ላይ ሲደርስ ጨርቁ ይቆማል፣ መርፌው ይወጋል፣ ክሩ ይበጠሳል። በዚህ ሥራ እጅ መኪናን ይበልጣል ማለት ማሞካሸት አይደለም፤ ጣት ውፍረቱን እየዳሰሰ ክሩን ያላላል፣ ያጠብቃል፤ ላሜራ ግን መላላት አይችልም።

የደብረ ብርሃኑ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ነገር ሌላ ነው። በ1950ዎቹ (ዓ.ም.) የተቋቋመው ይህ ፋብሪካ የከተማዋን ስም ከብርድ ልብስ ጋር አጣብቆታል። በመሣሪያ ተፈትሎ፣ ተሸምኖና ተፋፍቆ የወጣ ጨርቅ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስለሆነ የጠርዝ መኪና የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክም በጨርቃ ጨርቅና ልብስ ሥራ ላይ ያተኮረ ነው።

በአካባቢው የፈረስ ባህል ስላለ ግላስም መጠቀስ አለበት። ግላስ ከኮርቻ ጋር የሚለበስ፣ ብዙ ንብርብር ጨርቅ ያለው የፈረስ ጌጥ ሲሆን ዳሩ ሁሉ በጥብጣብ ይያዛል። ቅርጹ እየገባ እየወጣ ስለሚሄድ ቀጥተኛ ማዕዘን ማልበሻ እንኳ የሚከብደው ቦታ አለው። የካህናት ካባም እንዲሁ በወርቅማ ጥብጣብ ይጠረዛል።

ሸራና ድንኳን

ሸራ እንደ ሱፍ አይሟሽሽም፤ ይልቁንም መርፌ ይሰብራል። 110 እስከ 140 ቁጥር መርፌና የናይለን ወይም የፖሊስተር ክር ያስፈልገዋል። የጭነት መኪና ሸራ ዳር በጥብጣብ ፈንታ በራሱ እጥፍ ይቀመቀምና ገመድ ይገባበታል።

ጥገና

የላሜራው አፍ ከተጣመመ ጥብጣቡ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። በስስ ሞረድ ጠርዙ ይለሰልሳል። የመኪና ዘይት በጥቅልሉ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ጥብጣቡን ያቆሽሸዋል።