የሪችመንድ ሴቶችና የሠላሳዎቹ ወታደሮች መቃብር

በዚህ እትም ከአሜሪካ ታሪክ ስለ አንድ የሴቶች ማኅበር ሥራ ላካፍላችሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1861 እስከ 1865 ቆየ። ባርነት እንዳይቀርባቸው ብለው የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር ተዋጉ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ 150,000 ያህል አይሁዳውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከጀርመን አገሮች የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ከመካከላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ዘመቱ። የሚበዙት በሰሜን፣ የቀሩት በደቡብ ተሰለፉ።

በሰሜኑ ሠራዊት ሳይቀር በእኩል ዓይን አልታዩም። በ1861 የወጣው ሕግ የሠራዊቱ ቄስ ክርስቲያን እንዲሆን ያዝዝ ነበር። አርኖልድ ፊሸል የተባሉ የአይሁድ መምህር ለፕሬዚዳንት ሊንከን አቤት አሉ፤ በ1862 ሕጉ ተሻሻለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጄኔራል ግራንት አይሁዳውያን በሙሉ ከሚያዙበት ግዛት እንዲወጡ አዘዙ። ልጆቻቸው ግን በሠራዊቱ ውስጥ እየተዋጉ ነበር። ሊንከን ትእዛዙን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አሻሩት። በ1864 በቨርጂኒያ በተደረገው የዊልደርነስ ጦርነት፣ ፕራግ የተወለደው ሊዮፖልድ ካርፔሌስ ባንዲራ ይዞ የሚሸሹትን ወታደሮች አሰባሰበ፤ ለዚህም የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳሊያ ተሸለመ።

ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ የተሸነፈው የደቡብ መንግሥት ዋና ከተማ በነበረችው ሪችመንድ አይሁዳውያን ሴቶች ማኅበር አቋቋሙ። ከየግዛቱ መጥተው እዚያ የተቀበሩ 30 የደቡብ ወታደሮች መቃብራቸውን የሚጠብቅ ዘመድ በአቅራቢያ አልነበራቸውም። ሴቶቹ ለደቡብ አይሁዳውያን የእርዳታ ጥሪ ጻፉ፤ መቃብሩንም በጠመንጃና በሰይፍ ቅርጽ በተሠራ የብረት አጥር አስከበሩ። በጥሪያቸው አንድ ነገር አስቀድመው አይተዋል፦ ወደፊት ክፉ አንደበት ወገናችንን ሲያማ ይህ መቃብር መልስ ይሆነናል አሉ።

ሐሜቱም አልቀረም። በ1891 አንድ ጸሐፊ በሠራዊቱ ውስጥ አይሁዳዊ ወታደር ማየቱን እንደማያስታውስ በመጽሔት ጻፈ። ሳይመን ዎልፍ የተባሉ ጠበቃ ስም መሰብሰብ ያዙ፤ በ1895 ከ8,000 በላይ ዘማቾችን የዘረዘረ መጽሐፍ አሳተሙ። በማግሥቱ ዓመት የሰሜን አይሁዳውያን ዘማቾች በኒውዮርክ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። ሠላሳዎቹ የተሰለፉበት ወገን ሰውን በባርነት ለመያዝ የተዋጋ ነው፤ ያ ዓላማ ክብር አይገባውም። ሙት ግን የእናት ልጅ ነው፤ አፈር ማልበስና ስሙን መጻፍ ዓላማውን ማወደስ አይደለም። እድር ያላት ሴት ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያሻትም።

በየቤታችንም ስማቸው ያልተጻፈ ዘማቾች አሉ። የሚያስታውሱ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ እንጠይቅ፤ ስም፣ ዘመንና ቦታ በመዝገብ እናስፍር።