መስተዋድድ፣ ግስና ተውሳከ ግስ በአማርኛ እና በእንግሊዝኛ

መስተዋድድ ማለት ስምን ወይም ተውላጠ ስምን ከግስ ወይም ከሌላ ስም ጋር የሚያያይዝ ቃል ወይም ምዕላድ ነው። በአማርኛ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ወደ»፣ «ስለ»፣ «እንደ» እና «እስከ» ዋና ዋናዎቹ መስተዋድዶች ናቸው። ተውሳከ ግስ ደግሞ ድርጊቱ እንዴት፣ መቼ ወይም ምን ያህል እንደተፈጸመ እየገለጸ ግስን ያጎላል። ሦስቱ የቃል ክፍሎች በሁለቱ ቋንቋዎች ውስጥ አሉ፤ ሥራ የሚከፋፈሉበት መንገድ ግን በጣም ይለያያል። እንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ በግስና ከግሱ በኋላ በምትመጣ አጭር ቃል የሚገልጸውን ሐሳብ አማርኛ በአንድ ግስ፣ በግስ ቅጥያ ወይም በ«አለ» ግሶች ይገልጸዋል። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ ይህን ልዩነት ማወቅ ለተማሪዎች ተግባራዊ ጥቅም አለው።

## በሰዋስው ጥናት ታሪክ

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ፣ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ባስተማሩት መሠረት፣ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ በ1698 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በኋላ ዘመን በአገር ውስጥ ከተጻፉት መካከል የመርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ «የአማርኛ ሰዋስው» ለረጅም ጊዜ በትምህርት ቤቶች አገልግሏል። በቀድሞው ልማድ የቃል ክፍሎች ስምንት ተደርገው ይቆጠሩ ነበር፦ ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽል፣ ግስ፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ፣ መስተጻምር እና ቃለ አጋኖ።

ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» የቃል ክፍሎቹን ወደ አምስት ዝቅ አደረጓቸው፤ እነሱም ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ እና መስተዋድድ ናቸው። በዚህ አከፋፈል መስተጻምር ከመስተዋድድ ጋር ተጠቃሏል። ለዚህ አመዳደብ ድጋፍ የሚሆነው አንዱ ምዕላድ በስምም በግስም ላይ መግባቱ ነው። «ከአስኮ መጣ» ሲባል «ከ» መነሻን ያሳያል፤ «ከመጣ እነግረዋለሁ» ሲባል ግን ሁኔታን ያሳያል። «ስለ ልጁ» እና «ስለመጣ»፣ «እንደ አባቱ» እና «እንደመጣ» ተመሳሳይ ጥንዶች ናቸው።

## የመስተዋድድ ቦታ

በእንግሊዝኛ መስተዋድድ ራሱን የቻለ ቃል ሆኖ ከስሙ በፊት ይቆማል። በአማርኛ ሦስት ዓይነት አቀማመጥ ይታያል።

* ከስሙ በፊት፦ «በታክሲ»፣ «ለእናቷ»፣ «ወደ ፒያሳ»።
* ከስሙ በኋላ፦ «ጠረጴዛው ላይ»፣ «ቤቱ ውስጥ»፣ «እኔ ጋ»።
* በሁለቱም በኩል፦ «ከድልድዩ በታች»፣ «ከእኔ ጋር»፣ «እስከ ማታ ድረስ»፣ «ከምሳ በኋላ»።

ለዚህ ቅይጥ ባሕርይ በቋንቋ ሊቃውንት ዘንድ የሚሰጠው ማብራሪያ ታሪካዊ ነው። ከስም በፊት የሚገቡት «በ» እና «ለ» በግዕዝም ያሉ ሴማዊ ቅርሶች ናቸው። ግሱን መጨረሻ ላይ ማስቀመጥና ከስም በኋላ የሚመጡ ቃላትን መጠቀም ግን አማርኛ ከኩሻዊ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው፣ ጋር በነበረው ረጅም ጉርብትና የዳበረ ባሕርይ እንደሆነ ይታመናል።

«ጋ» እና «ጋር» በንግግር ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። «እኔ ጋ ና» ማለት እኔ ወዳለሁበት ቦታ ና ማለት ነው፤ «ከእኔ ጋር ና» ግን አብረን እንሂድ ማለት ነው። የታክሲ ተሳፋሪ «ድልድዩ ጋ ወራጅ አለ» የሚለው በመጀመሪያው ትርጉም ነው።

መስተዋድዱ ስሙን የሚገልጽ ቃል ካለ በገላጩ ላይ ይገባል፤ «በአዲሱ ቤት» ይባላል እንጂ «አዲሱ በቤት» አይባልም። ገላጩ በ«የ» የሚጀምር ከሆነም «የ» ይወድቃል። «የመጣው ልጅ» ላይ «ለ» ሲጨመር «ለመጣው ልጅ»፣ «የአስኮ ልጆች» ላይ «ከ» ሲጨመር «ከአስኮ ልጆች» ይሆናል። ስለዚህ «ከአስኮ ልጆች መጡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአውድ ውጭ ሁለት ትርጉም ይይዛል፦ ልጆቹ ራሳቸው ከአስኮ መጡ፣ ወይም ከአስኮ ልጆች መካከል መጡ።

## አቅጣጫን የሚናገረው ግሱ ነው

የቋንቋ ሊቁ ሌናርድ ታልሚ ቋንቋዎችን የእንቅስቃሴን አቅጣጫ በሚገልጹበት መንገድ በሁለት ከፍሏቸዋል። በአንደኛው ወገን አቅጣጫው በግሱ ውስጥ ይነገራል፤ በሁለተኛው ወገን ግሱን ተከትላ በምትመጣ ቃል ይነገራል። እንግሊዝኛ በሁለተኛው፣ አማርኛ በአንደኛው ወገን ይመደባሉ።

በእንግሊዝኛ «ጎ» የሚለውን አንድ ግስ ይዞ «ጎ ኢን»፣ «ጎ አውት»፣ «ጎ አፕ»፣ «ጎ ዳውን»፣ «ጎ ባክ» ማለት ይቻላል። በአማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ግስ አለ፦ ገባ፣ ወጣ (ለ«ጎ አውት»ም ለ«ጎ አፕ»ም)፣ ወረደ፣ ተመለሰ። እንግሊዝኛ ግሱን የእንቅስቃሴውን ሁኔታ እንዲገልጽ ነጻ ሲያደርገው፣ አማርኛ ሁኔታውን በቦዝ አንቀጽ ያስቀድማል። «ራን ኢንቱ ዘ ሃውስ» በአማርኛ «ሮጦ ቤት ገባ» ይሆናል። እንግሊዝኛው በመስተዋድድ የተናገረውን አማርኛው በ«ገባ»፣ እንግሊዝኛው በግስ የተናገረውን አማርኛው በ«ሮጦ» ተናግሯል።

ግሱ ምን ያህል ሸክም እንደሚይዝ ከዚህ ጥንድ ይታያል፦

* መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ።
* መጽሐፉን ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከጠረጴዛው ላይ» በሁለቱም አንድ ነው። በመጀመሪያው መነሻን፣ በሁለተኛው ማረፊያን የሚያሳየው ግሱ ስለተለወጠ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለመጀመሪያው «ፍሮም» ወይም «ኦፍ»፣ ለሁለተኛው «ኦን» በማለት መስተዋድዱን ራሱን ይለውጣል።

## በግስ ውስጥ የገባ መስተዋድድ፦ «ለት» እና «በት»

አማርኛ «ለ» እና «በ»ን በግሱ መጨረሻ ላይ ከተሳቢ ተውላጠ ስም ጋር አጣምሮ ያስገባል። «ለ» በአብዛኛው ጥቅምን፣ «በ» ጉዳትን ያመለክታል።

* ፈረደለት / ፈረደበት
* መሰከረለት / መሰከረበት
* ዘነበለት / ዘነበበት

የግሱ ሥር አንድ ሆኖ ትርጉሙ በአንድ ፊደል ይገለበጣል። ዳኛ የፈረደለት ሰው ረትቷል፤ የፈረደበት ተረትቷል። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት» በእንግሊዝኛ በ«ፎር» እና በ«አጌይንስት» ይለያሉ፤ አስተርጓሚ ይህን ፊደል ቢስት ምስክሩ ለማን እንደቆመ ይገለበጣል። ዝናብም ሰብሉ ለጠማው ገበሬ ይዘንብለታል፤ ልብስ ላሰጣ ሰው ይዘንብበታል።

«በት» ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። «የተቀመጠበት ወንበር» ቦታን፣ «የቆረጠበት ቢላዋ» መሣሪያን ያሳያል። በእንግሊዝኛ ግን እንደ ቅደም ተከተላቸው «ኦን» እና «ዊዝ» ያስፈልጋሉ።

እንግሊዝኛ ለጉዳት ተመሳሳይ አነጋገር የለውም ማለት አይቻልም። «መኪናው ተበላሸብኝ» የሚለው በዕለታዊ እንግሊዝኛ «ብሮክ ዳውን ኦን ሚ» ይባላል። እዚህ «ዳውን» ከግሱ ጋር አንድ ሆኖ «ተበላሸ» የሚለውን ሲሰጥ፣ «ኦን» ደግሞ የአማርኛውን «ብኝ» ሥራ ይሠራል።

## ተጣማሪ ግሶች እና «አለ»

እንግሊዝኛ ውስጥ ግስ ከአጭር ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም ሲያወጣ ተጣማሪ ግስ ይባላል። «ሉክ» ማየት ነው፤ «ሉክ ፎር» ግን መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው። «ጊቭ» መስጠት ሲሆን «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ወይም መተው ነው። እነዚህ በቃል በቃል ትርጉም አይገኙም።

በአማርኛ ለዚህ ቅርብ የሆነው «አለ» እና «አደረገ» የሚገቡባቸው ጥምር ግሶች ናቸው፦ ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ዝም አለ፣ ፈቀቅ አለ፣ ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ። «ሲት ዳውን» ቁጭ አለ፣ ለድምፅ «ተርን አፕ» ከፍ አደረገ፣ «ተርን ዳውን» ዝቅ አደረገ ይሆናሉ። «ዝም» እና «ብድግ» ብቻቸውን ዓረፍተ ነገር አይመሠርቱም፤ የ«አለ»ም ትርጉም እዚህ መናገር አይደለም።

ልዩነቱ በቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ «አለ» ምንጊዜም ከኋላ ይመጣል። በእንግሊዝኛ የብዙ ተጣማሪ ግሶች አጭር ቃል ቦታ ይለውጣል፦ «ተርን ኦፍ ዘ ላይት» ወይም «ተርን ዘ ላይት ኦፍ» ማለት ይቻላል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን መሀል መግባት አለበት፤ «ተርን ኢት ኦፍ» ትክክል ሲሆን «ተርን ኦፍ ኢት» ስህተት ነው። «ሉክ አፍተር» ደግሞ አይከፈልም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» ይባላል።

## ተውሳከ ግስ

በአማርኛ ከመሠረቱ ተውሳከ ግስ የሆኑ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ «ቶሎ»፣ «ገና»፣ «ክፉኛ» እና «ምንኛ» ይጠቀሳሉ። እንግሊዝኛ በቅጽል ላይ «ሊ» የሚለውን ቅጥያ ጨምሮ የሚያገኘውን አማርኛ በሌሎች መንገዶች ያሟላል፦

* መስተዋድድና ስም፦ በፍጥነት፣ በጥንቃቄ፣ በደስታ
* ቦዝ አንቀጽ፦ ፈጥኖ ደረሰ፣ ደጋግማ ጠየቀች
* ድግግሞሽ፦ ቀስ በቀስ፣ አልፎ አልፎ

ቦታውም ይለያል። አማርኛ ተውሳከ ግስን ከግሱ በፊት ያስቀምጣል፤ «ቶሎ መጣች» ይላል። እንግሊዝኛ የሁኔታ ገላጩን አብዛኛውን ጊዜ ከግሱና ከተሳቢው በኋላ፣ እንደ «ኦልዌይስ» ያሉትን የድግግሞሽ ገላጮች ግን ከዋናው ግስ በፊት ያደርጋል።

## ለተማሪዎች የሚያስቸግሩ ነጥቦች

አንድ የአማርኛ መስተዋድድ በእንግሊዝኛ ብዙ አቻዎች አሉት። «በጠዋት» በ«ኢን»፣ «በልደቷ ቀን» በ«ኦን»፣ «በሦስት ሰዓት» በ«አት»፣ «በታክሲ» በ«ባይ»፣ «በቢላዋ» በ«ዊዝ» ይነገራሉ።

በሌላ በኩል አማርኛው መስተዋድድ ሲፈልግ እንግሊዝኛው የማይፈልግባቸው ግሶች አሉ። «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» የሚለውን ይዞ «ዲስከስ አባውት» ማለት የተለመደ ስህተት ነው፤ «ዲስከስ» ተሳቢውን ያለ መስተዋድድ ይወስዳል። «ከእርሱ ጋር ተጋባች» ከሚለው የሚመጣው «ማሪድ ዊዝ ሂም»ም እንደዚሁ ነው፤ ትክክለኛው «ማሪድ ሂም» ወይም «ጎት ማሪድ ቱ ሂም» ነው። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝኛ ግስ ሲጠና ከሚወስደው መስተዋድድ ጋር አብሮ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ማጥናት ይጠቅማል።

## በኮምፒውተር የቋንቋ ሥራ

የአማርኛ መስተዋድዶች ከስሙ ጋር ተያይዘው መጻፋቸው ለፍለጋና ለትርጉም ፕሮግራሞች ልዩ ሥራ ይፈጥራል። «አስኮ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «በአስኮ»፣ «ከአስኮ»፣ «ለአስኮ» እና «የአስኮ» ያሉባቸውን ጽሑፎች ማግኘት ይፈልጋል። አንዳንድ ጸሐፊ ደግሞ አናባቢውን ውጦ «ካስኮ» ይጽፋል።

የመጀመሪያውን ፊደል በጭፍን መቁረጥ ግን አያዋጣም። «ከተማ»፣ «በሬ» እና «ለምለም» የሚጀምሩት መስተዋድድ በሚመስል ፊደል ቢሆንም ፊደሉ የቃሉ አካል ነው። ፊደሉ ጥብቀትን ስለማያሳይ ደግሞ «ለምን» የሚለው ጽሑፍ «ለ» እና «ምን» የተጣመሩበት ጥያቄ ወይም ምጽዋት ጠይቅ የሚል ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ፊደል ከመቁረጡ በፊት የቃላት ዝርዝርን፣ አሻሚ ሲሆንም በዙሪያው ያሉትን ቃላት፣ በተለይም ግሱን፣ ማየት ይኖርበታል።