የሽቦው ጫፍ የማን ነው?
ስለ ሞደምና ስለ ራውተር ምርጫ ታሪካዊ አመጣጥ አጭር ጥናት

ባለፈው ዓመት ከአሜሪካ፣ ከቨርጂኒያ ግዛት፣ ለዕረፍት የመጣው አጎቴ ሁለት ሳጥኖች ይዞልን መጣ። አንዱ ሞደም፣ ሁለተኛው ራውተር ነው። ሁለቱንም የገዛቸው ለኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት በየወሩ የሚከፍለውን የዕቃ ኪራይ ለማስቀረት ነበር፤ በኋላ ቤት ሲለውጥ ተረፉትና ለእኛ ይጠቅማሉ ብሎ አመጣቸው። ራውተሩ አዲስ አበባ በገባ በማግስቱ ሥራውን ጀመረ። ሞደሙ ግን እስከ ዛሬ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በጀርባው ያለው ክብ መግቢያ የሚቀበለው ተጠምዝዞ የሚታሰረውን የኬብል ቴሌቪዥን ሽቦ ነው፤ እንዲህ ያለ ሽቦ ደግሞ በሰፈራችን የለም።

ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሳጥኖች ስለ ምን እንዲህ ተለያዩ? የመልሱ አንድ ክፍል የመሐንዲሶች ነው። ሁለተኛው ክፍል ግን የታሪክ ነው፤ ይኸውም የድርጅቱ ንብረት የት ላይ አብቅቶ የደንበኛው ከየት እንደሚጀምር የተደረገው ረጅም ክርክር ነው። ይህ ጽሑፍ ክርክሩ በተለይ በተካሄደበት በአሜሪካ የሆነውን ለመመርመር ይሞክራል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አስቀድሞ የሁለቱን ሥራ መለየት ይገባል። ሞደም ከውጭ በሚመጣው መሥመር ላይ ያለውን ምልክት ኮምፒዩተር ወደሚያውቀው ቋንቋ፣ የኮምፒዩተሩንም ወደ መሥመሩ የሚለውጥ አስተርጓሚ ነው። ስለዚህ የመሥመሩን ዓይነት ማወቅ ግዴታው ነው። ራውተር ግን የገባውን አገልግሎት በቤት ውስጥ ላሉት መሣሪያዎች ያከፋፍላል፤ ከደጅ ያለው ሽቦ መዳብ ይሁን የመስታወት ክር እምብዛም አይገደውም።

በአሜሪካ የስልክ አገልግሎት ለብዙ ዘመን በአብዛኛው በኤ.ቲ. ኤንድ ቲ. ኩባንያ በሚመራው የቤል ድርጅት እጅ ነበረ። በቤት ውስጥ ያለው የስልክ መሣሪያ የኩባንያው ነው፤ ደንበኛው ይከራየዋል እንጂ አይገዛውም። በኩባንያው የታሪፍ ደንብም በመሣሪያው ላይ «ባዕድ ዕቃ» ማያያዝ ክልክል ነበረ። ይህ ክልከላ ምን ያህል ርቆ ይሄድ እንደ ነበረ የሐሽ ኤ ፎን ጉዳይ ያሳያል። ሐሽ ኤ ፎን በስልኩ መናገሪያ ላይ የሚገጠም ጽዋ መሰል ክዳን ነው፤ ኤሌክትሪክ የለውም፤ ጥቅሙም በአጠገብ የተቀመጠ ሰው ንግግሩን እንዳይሰማ ማድረግ ብቻ ነው። አምራቹ በ1948 ለፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን አቤት አለ፤ ኮሚሽኑም በ1955 ለስልክ ኩባንያው ፈረደ። በ1956 ግን የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የዳኞቹ ምክንያት በእኛ አገር ሽማግሌዎች ፊት ቢቀርብ እንኳ የሚያስኬድ ይመስለኛል፤ ሰው አፉን በእጁ ከልሎ በስልክ ቢናገር ከልካይ ከሌለው፣ እጁን ነጻ የሚያወጣለትን ዕቃ መከልከል ፍትሐዊ አይደለም የሚል ነበር። ደንበኛው ሕዝብን እስካልጎዳ ድረስ ለራሱ በሚጠቅመው መንገድ በስልኩ የመጠቀም መብት አለው የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ።

ይህን ሐሳብ ወደ ፊት የገፋው ቶማስ ካርተር የተባለ የቴክሳስ ሰው ነው። ካርተር የፈለሰፈው መሣሪያ፣ ማለትም ካርተርፎን፣ በሬዲዮ የሚናገርን ሰው ከስልክ መሥመር ጋር ያገናኝ ነበር፤ የስልኩ እጀታ በመሣሪያው ላይ ይቀመጣል እንጂ ሽቦ ከሽቦ ጋር አይነካካም። ኩባንያው ይህንንም ከለከለ። ካርተር በ1965 ከሰሰ፤ ጉዳዩም ከፍርድ ቤት ወደ ኮሚሽኑ ተላልፎ በሰኔ 1968 ተፈረደለት። ደንቡ ምክንያታዊ አይደለም፣ አድልዎም አለበት ተባለ።

ብዙ ሰዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያሉት ዘጠኝ ዓመታት ይበልጥ አስተማሪ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ኩባንያው ፍርዱን ተቀበለ፤ ነገር ግን የሌላ ሰው ዕቃ ከመሥመሩ ጋር የሚገናኘው ኩባንያው በሚያቀርበውና ኪራይ በሚከፈልበት መከላከያ መሣሪያ በኩል ነው የሚል አዲስ ደንብ አወጣ። ለዚህ ያቀረበውን ምክንያት እንደ ተንኮል ብቻ መቍጠር አይገባም፤ ከመጠን ያለፈ ኤሌክትሪክ በሽቦው ላይ ቢለቀቅ ምሰሶ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሊገድል፣ የጎረቤትንም ንግግር ሊያበላሽ ይችላል። የብሔራዊ ሳይንስ አካዳሚ በ1970 ያቀረበው ሪፖርትም ቍጥጥር የሌለው ግንኙነት ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ተቀብሎ፣ መሣሪያዎች በታወቀ መለኪያ ተመርምረው ቢመሰክርላቸው ግን አደጋውን መከላከል እንደሚቻል ገለጠ። ኮሚሽኑ በ1975 እንዲህ ያለ የምዝገባ ደንብ አወጣ፤ የይግባኙ ክርክር አልቆ ደንቡ የጸናውም በ1977 ነው። እንግዲህ በ1968 መብቱ ታወቀ፤ መለኪያው ተጽፎ እስኪወጣ ድረስ ግን መብቱ ለተራው ደንበኛ ብዙም አልፈየደውም።

በዚህ መካከል በኮምፒዩተር የሚሠሩ ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር? የስልኩን እጀታ በሁለት የጎማ ጽዋዎች ላይ አስተኝተው ሞደሙ በድምፅ እንዲያፏጭበት ያደርጉ ነበር። ፍጥነቱ በሰከንድ 300 ቢት፣ ማለትም ወደ 30 ፊደል ያህል ነው፤ ሁለት ሺህ ፊደል ያለው አንድ ገጽ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅ ነበር። ከምዝገባው ደንብ በኋላ ግን ሞደም በትንሽ መሰኪያ በቀጥታ ከግድግዳው ጋር ተገናኘ። በ1981 የወጣው የሄይስ ስማርትሞደም ቍጥሩን ራሱ ይደውል፣ ስልክም ራሱ ያነሣ ነበር።

የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅቶች ኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምሩ ጥያቄው እንደ ገና ተነሣ። በመጀመሪያ እያንዳንዱ አምራች በራሱ ቋንቋ የሚሠራ ሞደም ያቀርብ ስለነበረ ደንበኛው የሚመርጠው አልነበረውም። በ1997 ዶክሲስ የተባለው የጋራ መለኪያ ወጣ፤ 3.0 የተባለው እትሙ በ2006፣ 3.1 በ2013 ተከተሉት። የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግም መሣሪያዎች ከአገልግሎት ሰጪው ውጭ በገበያ እንዲገኙ አዝዞ ነበር።

አጎቴ ሞደሙን ከመደብር ለመግዛት የቻለው ከዚህ ሁሉ የተነሣ ነው። ሆኖም ዛሬም ምርጫው ያለ ወሰን አይደለም። የኬብል ሞደም ሲበራ ከድርጅቱ ዘንድ የፍጥነቱን ልክ የሚወስን መመሪያ ይቀበላል፤ ድርጅቱም በሳጥኑ ጀርባ የተጻፈውን ማክ የተባለውን መለያ ቍጥር መዝግቦ ካልተቀበለው ሞደሙ መብራት ከማብራት በቀር አይሠራም። ስለዚህ ገዢው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ከማየቱ በፊት አቅራቢው ያጸደቃቸውን ሞደሞች ዝርዝር መመልከት አለበት። መሥመሩ የስልክ መዳብ ከሆነ የዲ.ኤስ.ኤል. ሞደም፣ ኬብል ከሆነ የዶክሲስ ሞደም ያስፈልገዋል፤ የመስታወት ክር ሲሆን የጫፉን ሳጥን ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ራሱ ይተክለዋል፤ ለደንበኛው የሚቀረው የራውተር ምርጫ ነው። በኬብል በኩል ስልክም የሚጠቀም ሰው የስልክ መሰኪያ ያለውን ዓይነት መጠየቅ አለበት። ሁለቱን በአንድ ሳጥን የያዘ መሣሪያ ቦታ ይቈጥባል፤ አቅራቢ ሲለወጥ ግን አብሮ ይጣላል። በእኔ አስተያየት ለየብቻ መግዛት ይሻላል፤ የእኛ ቤት ራውተር ምስክሬ ነው።

ኪራዩም ቢሆን ታሪክ አለው። በአሜሪካ ደንበኛው የራሱን ዕቃ እየተጠቀመ ላልወሰደው ዕቃ ኪራይ እንዳይጠየቅ የሚከለክል ሕግ የወጣው በታኅሣሥ 2019 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለውም ከአንድ ዓመት በኋላ። በጀርመን ደግሞ ከነሐሴ 1 ቀን 2016 ጀምሮ የድርጅቱ መሥመር በግድግዳው መሰኪያ ላይ እንደሚያበቃ በሕግ ተወሰነ፤ ደንበኛው የራሱን መሣሪያ ሲያስገባ ድርጅቱ ለመግቢያ የሚያስፈልገውን መረጃ የመስጠት ግዴታ አለበት።

ይህን ካነበብሁ በኋላ የእኛ ሞደም ወደ ጀርመን ቢላክ ይሠራ እንደ ሆነ አጣራሁ። የአሜሪካ ኬብል አንዱን የማስተላለፊያ መደብ በ6 ሜጋኸርትዝ ሲከፍል፣ የአውሮፓው በ8 ይከፍላል፤ ለዚህም ዩሮዶክሲስ የተባለ የተለየ መለኪያ አላቸው። በሌላ ሰው ሻንጣ ከመላኬ በፊት ጠይቄ ማወቄ ደኅና ሆነ።