የፕሮሰሰር አጠቃቀም ልኬት

የፕሮሰሰር አጠቃቀም ልኬት ማለት የኮምፒውተር ፕሮሰሰር በአንድ የጊዜ ክልል ውስጥ ምን ያህሉን ጊዜ በሥራ ላይ እንዳሳለፈ በመቶኛ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ቁጥሩን የሚያሳዩት እንደ ቶፕ፣ ኤች-ቶፕ እና ታስክ ማናጀር ያሉ መከታተያ ፕሮግራሞች ናቸው። ሁለት መከታተያዎች ለአንድ ሥራ የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ መጠኑ አስቀድሞ በሚታወቅ ጫና መፈተሽ ይጠቅማል።

አሠራር

አንድ ኮር በአንድ ቅጽበት ወይ ይሠራል ወይ ሥራ ፈት ነው፤ ስለዚህ «30 በመቶ» የሚባለው ምንጊዜም የጊዜ ክልል አማካይ ነው። የሊኑክስ ከርነል ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጀምሮ ያለውን ጊዜ በዓይነት ለይቶ ይመዘግባል፦ የተጠቃሚ ፕሮግራሞች፣ የከርነሉ ሥራ፣ ሥራ ፈት ጊዜ፣ ዲስክን በመጠበቅ ያለፈ ጊዜ ወዘተ። መዝገቡ እንደ ቤት መብራት ቆጣሪ እየተደመረ ይሄዳል። መከታተያው ሁለት ጊዜ አንብቦ ልዩነቱን ይወስዳል። ልዩነቱ በድምሩ 400 ሆኖ 300ው ሥራ ፈት ከሆነ፣ አጠቃቀሙ 25 በመቶ ነው።

የልዩነት ምክንያቶች

* አካፋይ፦ ቶፕ በተለመደው አሠራሩ የአንድን ፕሮግራም ድርሻ ከአንድ ኮር አንጻር ያሰላል፤ ስለዚህ ባለ 4 ኮር ኮምፒውተር ላይ እስከ 400 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ግን ለሁሉም ኮሮች ያካፍላል።
* የጊዜ ክልል፦ ቶፕ አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ሰከንዱ ያድሳል። ፒ-ኤስ ግን ፕሮግራሙ ከተጀመረ ወዲህ ያለውን አማካይ ይሰጣል። የቪ-ኤም-ስታት የመጀመሪያ መስመርም ኮምፒውተሩ ከተነሳ ጀምሮ ያለ አማካይ ነው።
* ዲስክን መጠበቅ፦ አንዳንድ መከታተያዎች ይህን ጊዜ እንደ ሥራ ፈት፣ ሌሎች ለብቻው ያሳዩታል።
* ናሙና፦ ጊዜው በሰዓት ምት ብቻ ሲቆጠር በምቶች መካከል የተሠራው ሊያመልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 በዩዝኒክስ የደህንነት ጉባኤ የቀረበ ጥናት፣ አንድ ፕሮግራም ከምቱ በፊት እያቆመ አጠቃቀሙን መደበቅ እንደሚችል አሳይቷል።

አፈታተሽ

ሌላ ሥራ በሌለበት ባለ 4 ኮር ኮምፒውተር ላይ አንድ ኮር ብቻ ያለ ዕረፍት የሚይዝ ፕሮግራም ይነሳል። ቶፕ ለፕሮግራሙ 100 በመቶ ገደማ፣ ለጠቅላላው 25 በመቶ ገደማ ማሳየት አለበት። አራት ቅጂ ሲነሳ ጠቅላላው ወደ 100 ይጠጋል። ፕሮግራሙ 9 ደቂቃ ተኝቶ 1 ደቂቃ ከሠራ፣ በዚያች ደቂቃ መጨረሻ ቶፕ 100፣ ፒ-ኤስ ደግሞ 10 በመቶ ገደማ ያሳያሉ። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የመለሱት ጥያቄ ግን የተለያየ ነው።

የአተረጓጎም ጥንቃቄ

ጠቅላላው 25 በመቶ መሆኑ ኮምፒውተሩ ትርፍ አቅም እንዳለው ቢያሳይም፣ በአንድ ኮር ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ጣሪያው ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ተጨማሪ ኮሮች ያሉት ማሽን መግዛት አያፈጥነውም። ይህን ለመለየት የየኮሩን አጠቃቀም ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ በቶፕ ውስጥ የ1 ቁጥር ቁልፍን መጫን ዝርዝሩን ያወጣል።