በአርሞንኤም ግርጌ ያለው የፖም ተክል

ጠቢቡ ሰሎሞን በመኃልዩ፣ ነቢዩ ኢዩኤልም በትንቢቱ ከወይንና ከሮማን ጋራ የሚያነሡት አንድ ዛፍ አለ። ዕብራውያን ታፑሕ፣ ዐረቦች ቱፋሕ ይሉታል። በግእዝ ኮል ተብሏል፤ የዐማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ግን አንባቢው በሚያውቀው ፍሬ ስም እንኮይ ብለው ጻፉት። ዛሬ ብዙው ሰው ፖም ይለዋል። ጥንት በዚህ ስም የተጠራው ዛፍ ይኸው ፖም ይሁን ወይም ሌላ ፍሬ፣ ሊቃውንት ይከራከሩበታል። አዳም የበላው ፍሬ ፖም ነው የሚለው የምዕራባውያን ልማድ ግን ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ ኦሪት ዘፍጥረት የፍሬውን ስም አትናገርም፤ መጽሐፈ ሄኖክም ያን ፍሬ በወይን ዘለላ ይመስለዋል። ስለዚህ ይህ ዛፍ ያለ በደሉ ሲነቀፍ ኖሯል።

ፖም በዚህ አካባቢ መልካም አድርጎ ከሚለማባቸው ስፍራዎች አንዱ፣ ዳዊት ጠሉን በመዝሙር ያነሣው የአርሞንኤም ተራራ ግርጌ ነው። የተራራው ራስ 2,814 ሜትር ከፍታ አለው፤ በክረምትም በረዶ ይለብሳል። ከግርጌው በጎላን ምድር መጅደል ሸምስ፣ መስዓዳ፣ ቡቃታና ዐይን ቂንያ የተባሉ የድሩዞች መንደሮች ይገኛሉ። መጅደል ሸምስ ማለት የፀሐይ ግንብ ማለት ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር ይበልጣል። ፖም ይህን ብርድ ይሻል። አብዛኞቹ ዐይነቶች ቅጠላቸውን አራግፈው፣ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ በታች በሆነበት ብርድ 800 ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ካላረፉ፣ በጸደይ እንቡጣቸው በአንድነት አይፈታም። በኢያሪኮ ቆላ ተምር እንጂ ፖም የማይለማው ስለዚህ ነው፤ በኢትዮጵያም ተክሉ ስም ያገኘው በጋሞ ደጋ በጨንቻ ነው።

ፖም ከዘሩ ቢበቅል የእናቱን ፍሬ መልሶ አይሰጥም። ስለዚህ አትክልተኛው ሥሩ ጠንካራ የሆነውን ግንድ ቈርጦ፣ የመልካሙን ዛፍ ቅርንጫፍ ያስገባበታል፤ አስሮም እስኪጋጠም ይጠብቀዋል። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ስለ ወይራ ሲጽፍ፣ የዱሩ ቅርንጫፍ በመልካሙ ግንድ መግባቱን ከተፈጥሮ ልማድ የወጣ አድርጎ መናገሩ፣ የአትክልተኛው ሥራ የዚህ ተቃራኒ ስለ ሆነ ነው። ደግሞ የአንዱ ዐይነት አበባ በራሱ ብናኝ ብቻ አያፈራም፤ ስለዚህ ቀዩ ስታርኪንግና ብጫው ጎልደን ጎን ለጎን ይተከላሉ፤ ንቦችም በመካከላቸው ይመላለሳሉ። በክረምት ቅርንጫፉ ይገረዛል፤ ፍሬው ሲይዝም የቀረው እንዲያድግ የበዛው ይለቀማል።

የመንደሮቹ ሰዎች አስቀድሞ ወይንና በለስ ያለሙ ነበር፤ ፖም የተስፋፋው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሰኔ 1967 በተደረገው ጦርነት እስራኤል ጎላንን ከሶርያ ያዘች። ከነዋሪው አብዛኛው አገሩን ለቆ ሲሄድ፣ ድሩዞቹ በመንደራቸው ቀሩ። ቤተ ዘመድም ተከፈለ፤ በሸለቆው ወዲህና ወዲያ ቆመው በድምፅ ማጉያ ሰላምታ ይሰጣጡ ነበር። የመስኖ ውሃ ሲያጥራቸው በየእርሻው ትላልቅ የብረት ጋን አቁመው የዝናቡንና የበረዶውን ውሃ አጠራቀሙ። የተተከለ መሬት ባለቤት እንዳለው ይመሰክራልና፣ በድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ሳይቀር ፖም ተከሉ።

በ2005 ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በሁለቱ ወገኖች መካከል ሆኖ፣ የእነዚህን ገበሬዎች ፖም በቁኔጥራ በኩል ወደ ሶርያ ማሻገር ጀመረ። እናት ልጇን እንደ ልቧ ልትጎበኝ በማትችልበት ድንበር ፍሬው ተሻገረ። ነገር ግን በ2011 በሶርያ ጦርነት ተነሣ፤ በ2014 መተላለፊያው በታጣቂዎች እጅ ወደቀ፤ የፖሙም ጕዞ ተቋረጠ። ዛፎቹ ግን በየዓመቱ ማበባቸውን አልተዉም።

ኦሪት ዘሌዋውያን ዛፍ የተከለ ሰው ሦስት ዓመት ከፍሬው እንዳይበላ፣ የአራተኛውን ዓመት ፍሬ ለእግዚአብሔር ቀድሶ በአምስተኛው እንዲበላ ታዝዛለች። ኦሪት ዘዳግምም ከተማን የከበበ ሠራዊት እንኳ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቈርጥ ትከለክላለች። እንግዲህ ተክል የሚተክል፣ ለመቈየት የቈረጠ ሰው ነው። አትክልተኛው ተለይቶት የሄደ ፖም ወዲያው አይደርቅም፤ ከመጋጠሚያው በታች ካለው ሥር የዱር ቡቃያ ይወጣል፤ የሚነቅለውም ቢያጣ ያድግና መልካሙን ቅርንጫፍ ያሸንፈዋል። ከሩቅ የሚያየው ሰው ዛፉ ለምለም ነው ይላል፤ የቀመሰው ግን መኮምጠጡን ያውቃል።

በቅድስት አገር የአባቶች ርስት እስከ ዛሬ የተጠበቀው በጽሕፈት ብቻ አይደለም። በየሌሊቱ ለማሕሌት የሚነሣ፣ በየንጋቱ ደጁን የሚከፍት ሰው ስላልታጣበት ነው። ተካዩንም ጠባቂውንም እግዚአብሔር ያጽና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።