የንጉሡ ሐውልት አረር የሆነበት ታሪክ

 

የዛሬው ወሬያችን ስለ እርሳስ ነው። በእጃችሁ ስለያዛችሁት መጻፊያ አይደለም። እርሱስ ስሙን ብቻ ነው የወረሰው፤ በውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው እንጂ እርሳስ አይደለም። እኛ የምናወራው ስለ እውነተኛው እርሳስ፣ ስለዚያ ከባድና ለስላሳ ማዕድን ነው። ይኸውም ሰዎች በገዛ ምድጃቸው አቅልጠው ለጠመንጃቸውና ለሽጉጣቸው አረር ያፈሱበት ስለነበረው ዘመን ነው።

ዛሬ ጥይት ስንል ቀለሁ፣ ባሩዱና አረሩ አንድ ላይ ተገጥሞ ከፋብሪካ የሚወጣውን ማለታችን ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን እንዲህ አልነበረም። ባሩዱ ለብቻ፣ አረሩም ለብቻ ነው። አረሩ እንደ ዶቃ ድቡልቡል ነበር። ማውጫው ቅርጽ ምን ይመስል ነበር ካላችሁ፣ የአንጥረኛውን ጉጠት ታውቁት የለም? እንደ ጉጠቱ ሁለት እጀታ አለው፤ በጫፉ ግን ፊት ለፊት የሚገጥሙ ሁለት ግማሽ ጉድጓዶች አሉ። ሲዘጋ ጉድጓዱ ሙሉ ክብ ይሆናል። ከላይ ባለችው ቀዳዳ የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል፤ ወዲያው ይረጋል፤ እጀታው ሲከፈት አረሩ ዱብ ይላል። በቀዳዳዋ በኩል የቀረችው ጭራ ትቆረጥና ወደ ድስቱ ትመለሳለች። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ የቤት ምድጃ ይበቃዋል።

ታዲያ የተገኘው ቅርጽ ሁሉ ለተገኘው መሣሪያ አይሆንም። ያን ጊዜ ጠመንጃ ሠሪው እያንዳንዱን በእጁ ስለሚሠራ የአንዱ አፈሙዝ ከሌላው ይለይ ነበር። ስለዚህ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ልኩን የጠበቀ ቅርጽ አብሮ ይረከብ ነበር፤ ጥንድ ሽጉጦችማ በሣጥን ሲሸጡ ቅርጹም በዚያው ሣጥን የራሱ ቦታ ነበረው። የጦር ሠራዊት መሣሪያ ግን አንድ ዓይነት ልክ ነበረው። የእንግሊዝ ወታደር ጠመንጃ አፈሙዙ 19 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አረሩ 17 ሚሊ ሜትር ተኩል ነበር። አረሩ ለምን አነሰ? ባሩድ በነደደ ቁጥር አፈሙዙ ውስጥ ጥላሸት ይጋገራል፤ አረሩም በወረቀት እንደተጠቀለለ ነው የሚገባው። ልክክ ብሎ ቢሠራ ኖሮ ከጥቂት ተኩስ በኋላ አልገባም ይል ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1776 ነው፤ በእኛ አገር ጎንደር ላይ ዳግማዊ አፄ ተክለ ሃይማኖት በነገሡበት ጊዜ መሆኑ ነው። በሰሜን አሜሪካ አሥራ ሦስት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች በንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ላይ ተነሥተው ነበር። በኒው ዮርክ ከተማ፣ ቦውሊንግ ግሪን በሚባል ሜዳ ላይ፣ የዚሁ ንጉሥ ሐውልት ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታይ ነበር። የቆመው በ1770 ነው። ከሩቅ ሲያዩት ወርቅ ይመስላል፤ ወርቁ ግን ቅብ ነው። ከሥሩ እርሳስ ነበር። ክብደቱም ወደ 4,000 ፓውንድ ይገመታል፤ በኪሎ ወደ 1,800 ማለት ነው።

ጁላይ 9 ቀን የነጻነት አዋጁ ለጄኔራል ዋሽንግተን ጦር ተነበበ። በዚያው ምሽት ወታደሩም የከተማው ሰውም ተሰብስቦ ወደ ሜዳው ሄደና ሐውልቱን በገመድ ጎትቶ ጣለው። ዋሽንግተን በማግስቱ ባወጡት ትእዛዝ፣ ሰዎቹ ለአገር ቀንተው ያደረጉት ቢሆንም ሁከት ስለሚመስል ወታደር እንዲህ ያለውን ነገር ለሚመለከተው ባለሥልጣን ይተው አሉ። ትእዛዙ የወጣው ሐውልቱ ከወደቀ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ።

ለምን ሐውልቱን ሰባብረው ብቻ አልተዉትም? እርሳስ አልነበራቸውማ! ከባሕር ማዶ ይመጣላቸው የነበረው በጦርነቱ ተቋረጠ። በአገር ውስጥ በቨርጂኒያ የእርሳስ ማዕድን ቢኖርም ለሁሉ አይዳረስም። ሕዝቡ የመስኮት ክብደቱንም ሆነ የቆርቆሮ ሳሕኑን ሳይቀር ያቀልጥ ነበር። በዚህ ጊዜ 1,800 ኪሎ እርሳስ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሲገኝ ማን ይተወዋል? ከንጉሡ ሥጋ በተሠራ አረር የንጉሡ ወታደሮች ይመታሉ እየተባለም ያን ሰሞን ተቀልዷል።

ስብርባሪው በጀልባ ወደ ኮኔቲከት ተሻገረ፤ ከዚያም በበሬ ሠረገላ ሊችፊልድ ወደምትባል ከተማ ተጓዘ። እዚያ የኦሊቨር ዎልኮት ቤት ነበር። እኚህ ሰው የነጻነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ ናቸው። አረሩን ያፈሰሰው ግን የእርሳቸው እጅ አይደለም። የቤቱ ልጆችና የጎረቤት ሴቶች ናቸው።

ይህን የምናውቀው በወሬ አይደለም፤ ሒሳቡ በወረቀት ተጽፎ ቆይቶናል። ሚስዝ ማርቪን 6,058። ሩት ማርቪን 11,592። የዎልኮት ልጅ ላውራ፣ ያኔ 14 ዓመት ገደማ የሆናት፣ 8,378። እኅቷ ሜሪ አን፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ ታላቋን አስከንድታ 10,790። ትንሹ ፍሬድሪክ፣ ገና 8 ዓመቱ ነው፣ 936። ሚስዝ ቢች 1,802። ልዩ ልዩ ሰዎች የሠሩት 2,182። ለሊችፊልድ ሚሊሺያ በአስቸኳይ የተሰጠ 50፤ ለአንድ ክፍለ ጦር የተሰጠ 300። እስቲ ወረቀት አውጡና ደምሩት። 42,088 ካልመጣላችሁ እንደገና ሞክሩ፤ መዝገቡ ልክ ነው።

እኔ ይህንን ድምር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለአራተኛ ክፍል ልጆች ጽፌላቸው አውቃለሁ። ድምሩን ሲጨርሱ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ልዩ ልዩ ሰዎች እነማን ናቸው?» ይሉኛል። ስማቸው አልተጻፈም። 2,182 ድቡልቡል አረር አፍስሰው ስማቸው የሌለ ሰዎች ናቸው።

ሩት ማርቪንን ደግሞ አስቧት። በደቂቃ ሁለት አረር ብታወጣ እንኳ 5,796 ደቂቃ ይሆናል፤ 96 ሰዓት ከ36 ደቂቃ መሆኑ ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠራ አሥራ ሁለት ቀን ከምድጃ ሥር ተቀምጣለች ማለት ነው። ሥራው ደግሞ የዋዛ አይደለም። የቀለጠ እርሳስ ውስጥ የውሃ ጠብታ ከገባ ፈንድቶ ፊት ላይ ይረጫል። የእርሳስ ብናኝና ጢስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም የልጅን አንጎል እንደሚጎዳ ዛሬ ሐኪሞች ያረጋገጡት ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ከዚያ ድስት አጠገብ መቀመጥ አልነበረበትም፤ እኔ እንደዚህ ነው የማስበው።

በዚያን ቀን የተነበበው አዋጅ ሰዎች ሁሉ እኩል ሆነው ተፈጥረዋል ይላል። በዚያው አገር ግን ጥቁሮች በባርነት ይሸጡ ነበር፤ ባርነት በአገሪቱ ሁሉ በሕግ የተሻረው በ1865 ነው። አረሩን ያፈሰሱት ሴቶችም የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ በሕገ መንግሥቱ ይህ የተጻፈው በ1920 ነው። ከ144 ዓመት በኋላ መሆኑን ቁጠሩት።

አንድ ሒሳብ ቀርቶናል። የእንግሊዙ ልክ ቢሆን 14 አረር አንድ ፓውንድ ይመዝናል፤ 42,088 አረር እንግዲህ 3,006 ፓውንድ ያህል ነው። አነስ ባለው፣ በኋላ ከፈረንሣይ በመጣው ጠመንጃ ልክ፣ 18ቱ አንድ ፓውንድ ይሆናሉ ብንል ደግሞ 2,338። በየትኛውም ቅርጽ ቢፈስ 4,000 አይሞላም። የቀረው የት ገባ? ጭንቅላቱን የእንግሊዝ መኮንን የነበረው ጆን ሞንትሬሶር አስፈልጎ ወደ እንግሊዝ አገር ላከው። ሌላውን በመንገድ ላይ የንጉሡ ደጋፊዎች ሰርቀው ሳይደብቁት አልቀሩም፤ ምክንያቱም በኮኔቲከት ዊልተን በምትባል ከተማ፣ ረግረግ ውስጥ፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ስብርባሪው ተገኝቷል። ከእነርሱም አንዱ የፈረሱ ጭራ ነው፤ በኒው ዮርክ የታሪክ ማኅበር ሙዚየም ተቀምጧል።

ሐውልቱን ይጠብቅ የነበረው የብረት አጥር ግን እስካሁን በቦውሊንግ ግሪን ዙሪያ ቆሟል። በምሰሶዎቹ ጫፍ ላይ የነበሩት ጌጦች የሉም፤ በመጋዝ የተቆረጡበት ቦታ ግን ዛሬም በእጅ ሲዳሰስ ይሻክራል።